የመንኮራኩሯ እናት

የዘጠነኛው ክፍል ስክሪፕት ሲደርሳት ወረቀቱ ገና ከማተሚያው እንደወጣ ይሞቅ ነበር። መዝጋቢዋ እንደ ልማዷ ከመንኮራኩሯ በር አጠገብ ባለችው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። የጠፈር መንኮራኩሯ ከኮምፔንሳቶ የተሠራች ናት። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎ ብርማ ቀለም ተቀብቷል፣ መቆጣጠሪያዋም ከተጣሉ የኮምፒዩተር ኪቦርዶች የተገጣጠመ ነው። በካሜራ ሲታይ ግን ከምድር ተነስታ ብዙ ዓመት ስትጓዝ የኖረች ትመስላለች።

የመዝጋቢዋ ሥራ ለውጥ ማየት ነው። አንድ ትዕይንት ዛሬ ተጀምሮ ከሦስት ቀን በኋላ ሲቀጥል፣ የተዋናይዋ ፀጉር በየትኛው ጆሮዋ በኩል እንደነበረ፣ ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ውሃ እስከ የት እንደነበረ፣ የልጅቷ እጅጌ ስንት ጊዜ እንደተጠቀለለ የምታውቀው እሷ ናት። ማንም ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት ፎቶ ታነሳለች፣ ከዚያ በመዝገቧ ትጽፋለች። አንዲት ቁልፍ ተዘንፋ ብታገኝ ዳይሬክተሩ «ቀጥሉ» ቢልም እሷ «ቁሙ» ትላለች። የመብራት ሠራተኞቹ በዚህ የተነሳ «ፖሊሷ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

«ዝም በሉ፣ ፖሊሷ መጣች» ይባባላሉ ስታልፍ።

«እናንተንስ ማሰር ነበር» ትላቸዋለች።

ድራማው የአንዲት እናትና የልጇ ታሪክ ነው። እውነተኛዋ እናት መንኮራኩሯ ከምድር በተነሳች በሳምንቱ ሞታለች። ልጅቷን የምታሳድጋት የእናትየዋን ፊትና ድምፅ የያዘች ማሽን ናት። ማሽኗ የተሰጣት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፦ ልጅቷ እስካላወቀች ድረስ እናት ሁኚላት። ተመልካቹ ይህን ያውቃል። ልጅቷ አታውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በቴሌቪዥን ሲታዩ ሰው ስቆ ነበር። ማሽንም ብትሆን እናት ናት፣ ግን እንደ ባንክ ማስታወቂያ ነበር የምታወራው። «ልጄ ሆይ፣ ጤናሽን ጠብቂ» የምትል እናት የት ታይታ ታውቃለች? ከአምስተኛው ክፍል ወዲህ ግን ማሽኗ ነፍስ ዘራች። ትቆጣለች፣ ታጉረመርማለች፣ ልጅቷ የጣለችውን ካልሲ እያነሳች ለራሷ ታወራለች። ሰው መሳቁን ትቶ ማልቀስ ጀመረ። ዳይሬክተሩ ደራሲውን አቅፎ ሳመው።

መዝጋቢዋ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። ልጅቷ ትኩሳት ይዟታል። ማሽኗ እጇን ገልብጣ በጀርባው ግንባሯን ትነካለች።

«መዳፍ ይዋሻል» ትላለች ማሽኗ። «ሁልጊዜ ሙቅ ስለሆነ የሌላውን ሙቀት አያውቅም። የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም።»

መዝጋቢዋ ገጹን ደግማ አነበበችው። ይህ የእሷ ንግግር ነው። ከእናቷም ሆነ ከጎረቤት የሰማችው አይደለም። ልጇ ሚጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ታማ፣ እሷም ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ለራሷ የፈጠረችው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ሚጣ በታመመች ቁጥር ትለዋለች።

ደራሲው በመተላለፊያው ሲያልፍ ጠራችው። ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው፣ ክረምት ከበጋ አንድ ሹራብ የማይለውጥ ወንደላጤ ነው።

«ይቺን የእጅ ጀርባ ከየት አመጣሃት?»

«የቷን?» አለ፤ ጆሮዎቹ ግን ቀሉ። «እንዲሁ ነው እትዬ። መጣችልኝ።»

«እንዲሁ መጣችልህ?»

«ሲመጣ ይመጣል እንግዲህ» አለና ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሹልክ አለ።

ሚጣ ነግራው ይሆናል ብላ አሰበች። ሚጣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷን ለመጠበቅ ወደ ስቱዲዮው ትመጣለች። ቀረጻ ሲኖር ፀጥ ያለ ቦታ የደራሲው ክፍል ብቻ በመሆኑ የቤት ሥራዋን እዚያ ትሠራለች። ልጅ ነች፣ አንድ ነገር አምልጧት ሊሆን ይችላል። መዝጋቢዋ ነገሩን በዚህ ዘግታ ልትተወው ፈለገች።

በሚቀጥለው ሳምንት አሥረኛው ክፍል ደረሰ። ልጅቷና ማሽኗ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ትጠይቃለች፦ «ሆድሽ ውስጥ ሳለሁ በየትኛው በኩል ነበር የምራገጠው?» ማሽኗ ትመልሳለች፦ «በግራ።» ከዚህ ቀጥሎ ደራሲው በቅንፍ ውስጥ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ (ወዲያው ትመልሳለች። እውነተኛ እናት ብትሆን ትንሽ ታስብ ነበር።)

መዝጋቢዋ መዝገቧን ዘጋችው። ወለሉ ከሥሯ የተንሸራተተ መሰላት፤ እጇን ሰዳ የኮምፔንሳቶውን ግድግዳ ያዘች፣ ግድግዳውም ተነቃነቀ።

«ፖሊሷ መንኮራኩሯን ልታፈርስ ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከመሰላል ላይ። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሚጣ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቃት ነበር። እሷም «በግራ» አለቻት። ወዲያው ነበር ያለችው፤ ካመነታች የተያዘች መስሏት።

ምክንያቱም ሚጣን አልወለደቻትም። የወለደቻት ታናሽ እህቷ ናት፤ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አባትየው ከዚያ በፊት የሄደበት አልታወቀም። መዝጋቢዋ ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አላገባችም። ሕፃኗን ታቅፋ ማንም ወደማያውቃት ከተማ መጣች፣ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። ትምህርት ቤት ስትገባ እነግራታለሁ ትል ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ሲሞላት አለች። አሥር ሲሞላት ደግሞ ቀኑን ወደ አሥራ ስምንት ገፋችው። በሚነገራት ቀን ሚጣ ዓይን ውስጥ አንድ ነገር እንደሚለወጥ ታውቃለች። ለውጡን ካየችው በኋላ እንዳላየች መሆን አትችልም፤ ሥራዋ ነውና።

አሁን አንድ ሰው አውርቷል። የእጅ ጀርባውን ሚጣ ልትነግረው ትችላለች። ይህን በቅንፍ የተጻፈውን ግን ሚጣ ልትነግረው አትችልም። «በግራ» ያለው መልስ ውሸት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጽፈው። ያንን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ በዓለም ላይ ሁለት ናቸው፦ እሷና ታላቅ ወንድሟ።

ታላቅ ወንድሟ የስቱዲዮውን ሚኒባስ ይነዳል። ጠዋት ጠዋት ደራሲውን ከቤቱ ያነሳዋል። ደራሲው ሁልጊዜ ጋቢና ነው የሚቀመጠው።

ማታ ሠራተኞቹን ሁሉ አድርሶ ሲጨርስ ሚኒባሱ ውስጥ እሷ ብቻ ቀረች። ሚጣ ፈተና ስለነበረባት በጊዜ ወደ ቤት ሄዳለች። መዝጋቢዋ ከኋላ ተነስታ ጋቢና ገባች።

«ጋሼ፣ ከዚያ ደራሲ ጋር ምን ታወራላችሁ?»

«ኳስ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? የእሱ ቡድን ሲሸነፍ እስቅበታለሁ። የእኔ ሲሸነፍ ዝም እንባባላለን። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው።»

«ስለ ሚጣ አውርተኸው አታውቅም?»

ወንድሟ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

ነገረችው። ስክሪፕቱን ገልጣ በጣቷ አሳየችው። መነጽሩን አድርጎ ቅንፉን አነበበ፣ አወለቀ፣ እንደገና አድርጎ አነበበ።

«ይሄ አጋጣሚ ነው» አለ።

«እኔ በአጋጣሚ አላምንም። ብርጭቆ በአጋጣሚ ቦታውን አይለቅም። የሆነ ሰው ነክቶት ነው።»

«ያ ብርጭቆ ነው።»

«አንተ ነህ የነገርከው።»

 በአጠገባቸው ሦስት መኪኖች እየተከታተሉ አለፉ። «እህታችንን በገዛ እጄ ነው የቀበርኳት» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷን አውጥቼ ለቴሌቪዥን የማቀብል ይመስልሻል? ግን ካነሳሽው ልንገርሽ፤ ንገሪያት። ልጅቷ ቁመቷ ካንቺ በልጧል። ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቂው?»

«ርዕሱን አትቀይር።»

«ርዕሱ እሱ ነው እኮ!»

አላመነችውም። ወደ ቤት እስኪደርሱ የመሪውን መዞር ብቻ ታይ ነበር። ሲያመነታ አየሁት፣ መነጽሩን ሁለቴ አደረገ፣ እያለች በልቧ መዘገበች።

እሑድ ዕለት ወጥመድ አጠመደች። ይህን ለመሥራት ሥራዋ በደንብ አዘጋጅቷታል፦ ከሁለት ሰው አንዱ የሆነ ነገር ነክቶ እንደሆነ የነካውን ለማወቅ፣ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር ትሰጫለሽ። ወንድሟን ምሳ ጋብዛ የታረቀች መሰለች። ሚጣ ሳህን ስታጥብ ድምፅዋን ቀንሳ «ሕፃን ሳለች እኮ ሬዲዮ ካልተከፈተላት አትተኛም ነበር» አለችው። ወንድሟ በነዚያ ዓመታት ሩቅ አገር ጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር ሊያውቅ አይችልም። «ዛሬም ሬዲዮ አትወድም?» ብሎ ሳቀ።

ወንድሟ ከሄደ በኋላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሚጣ እጅጌዋን ጠቅልላ በግራ እጇ ድስት ትፈትጋለች፤ ግራኝ ናት። መዝጋቢዋ ፎጣ ይዛ አጠገቧ ቆመች።

«ታውቂያለሽ፣ ሕፃን ሳለሽ ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ካልሰማሽ አትተኚም ነበር። ሆን ብዬ ሳልጠብቀው እተወው ነበር።»

«እውነት?»

«እውነት።»

«የውሃው ሒሳብስ?»

«ለእንቅልፌ ስል ከፈልኩ።»

ሚጣ ሳቀች። ድስቱን ገልብጣ አስቀመጠችና «ደስ ይላል» አለች።

ሁለቱም ውሸት ነበር። ሚጣ ሕፃን ሳለች የምትተኛው በእሷ ደረት ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ ነው ያደረችው። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ሳምንቱን ሁሉ ወንድሟንና ደራሲውን ጋቢና ውስጥ ባየች ቁጥር አፋቸውን ትከታተል ነበር። ሲስቁ ስለ እሷ ነው፣ ዝም ሲሉም ስለ እሷ ነው። ሥራዋ ላይ ሁለት ስህተት አለፋት። የተዋናይዋ ቀበቶ ተገልብጦ ሳለ ሙሉ ትዕይንት ተቀረጸ።

«ፖሊሷ ዛሬ ጉቦ በላች መሰለኝ» አለ የመብራት ሠራተኛው።

ዓርብ አሥራ አንደኛው ክፍል መጣ። ከፊት ለፊቷ ያለውን ገጽ በእርሳሷ እየተከተለች ሬዲዮ የሚል ቃል ፈለገች። ሬዲዮ የለም። ሃያኛው ገጽ ላይ ማሽኗ የልጅቷን ብርድ ልብስ እያስተካከለች እንዲህ ትላለች፦ «ሕፃን ሳለሽ የማቀዝቀዣው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ካልሰማሽ አትተኚም ነበር።» ከዚያ ቅንፉ ነበር። (ልጅቷ ፈገግ ትላለች። አላመነችም። ያመነች ትመስላለች።)

መዝጋቢዋ ገጹን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ወንድሟን አሰበች፣ መነጽሩን ሲያደርግና ሲያወልቅ፣ እህታቸውን ሲቀብር። ፊቷ በሃፍረት ጋለ። ሃፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ነበርና። ማድ ቤት ውስጥ «ደስ ይላል» ያለችው ልጅ አላመነችም ነበር። ሳቀችላት፣ አላመነችም ነበር።

ቤት ስትገባ ሚጣን እንደ ትዕይንት ታያት ጀመር። «እማዬ» ስትላት ድምፅዋ ልክ ነበር? ትላንት እንደዚህ ነበር የምትለው? ከበሩ ስትገባ ጉንጯን ትስማታለች፤ ዛሬም ሳመቻት። ረዘመ? አጠረ? ጨው ስታቀብላት ጣቷ ነካት፤ ሆን ብላ ነው? ልጅቷ ያው ናት። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ይህ ነው ያስፈራት። እንዲህ ልክ የሆነ ነገር በሥራዋ ላይ የምታየው አንድ ሰው በጥንቃቄ ሲመልሰው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚጣ ከጓደኞቿ ጋር ለጥናት ወጣች። መዝጋቢዋ በሩን ዘግታ ወንበር አመጣችና ከቁም ሣጥኑ ላይ ከሻንጣው ኋላ ያለውን ካርቶን አወረደች። የጫማ ካርቶን ነው፣ በነጭ ጥብጣብ የታሰረ። ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ታውቀዋለች፦ እህቷ ሆዷ ገፍቶ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የተነሳችው ፎቶ፣ ጥርሱ ላይ ፀጉር የቀረበት ማበጠሪያ፣ ከሕፃኗ እጅ ላይ የተፈታው የሆስፒታል ወረቀት። ወረቀቱ ላይ የእናት ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። የእሷ ስም አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተችው ሚጣ አሥር ዓመት የሞላት ዕለት፣ ልትነግራት ተዘጋጅታ ወኔ ያጣች ጊዜ ነው። ያን ቀን በአዲስ ጥብጣብ አስራ መለሰችው።

ካርቶኑ ቦታው ላይ ነበር። ማዕዘኑ ከሻንጣው ጋር የተነካካበት ቦታ አልተለወጠም። የጥብጣቡ ሁለት ጆሮዎች እኩል ናቸው፣ አንዱ ጫፍ እንደተወችው ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ተንፍሳ ልትመልሰው ስትል ጣቷ ከቋጠሮው ሥር ገባ።

ከላይ ያለው ቋጠሮ ትክክል ነው። ከሥሩ ያለው፣ ጥብጣቡ መጀመሪያ የሚተላለፍበት፣ ተገልብጧል። እሷ ስታስር ቀኙን በግራው ላይ ታሳልፋለች። ይህ ግራው በቀኙ ላይ ነው ያለፈው። ካሜራ ይህን አያየውም። የግራኝ ሰው አስተሳሰር ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤት ጫማ ላይ አይታዋለች።

ጥብጣቡን ወደ መስኮቱ አቀረበችው። የሚታጠፍበት ቦታ ሳስቷል፣ ክሩ ወጥቷል። አንድ ጊዜ የተከፈተ አይደለም።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ሚጣ ስምንት ዓመቷ ሳለ ሁለቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። አንዷ ከክፍሉ ትወጣለች፣ ሌላዋ አንድ ነገር ቦታውን ታስለቅቃለች፣ የወጣችው ተመልሳ ታገኘዋለች። ሚጣ ሁልጊዜ ትሸነፍ ነበር። በመጨረሻ አሮጌ የሥራ ካሜራዋን ሰጥታ አስተማረቻት፦ «ማንኛውንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ፎቶ አንሺ። ከዚያ ማንም ሳያውቅ ወደ ቦታው ትመልሺዋለሽ።» በእጇ ካሜራውን ያስያዘቻት እሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ የደራሲውን ክፍል አንኳኳች። ጠረጴዛው አጠገብ ሁለት ወንበር ነበር የቀረበው። በአንደኛው ላይ የሚጣ ላጲስ ተቀምጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ጆሮዎቹ እንደገና ቀሉ። «ነገረችሽ?»

«አንተ ንገረኝ።»

«ከአምስተኛው ክፍል ጀምሮ ነው» አለ። «እትዬ፣ አትቆጪ። እኔ ወንደላጤ ነኝ። ስለ እናት የማውቀው በስልክ ‘በላህ?’ ስትለኝ ነው። አንድ ቀን ሚጣ ስክሪፕቱን ከትከሻዬ በላይ አነበበችና ‘እናት እንዲህ አታወራም’ አለችኝ። ‘ታዲያ እንዴት ነው የምታወራው?’ አልኳት። ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ... ሰው አደረገችኝ በይው። ለእማዬ እስከ መጨረሻው ክፍል እንዳትነግር ብላ አስምላኛለች።»

«ስለ ራሷስ ምን ነገረችህ?»

«የራሷ ምን?»

ፊቱን አየችው። ዓይኑን፣ የአፉን ዳር፣ ጆሮውን። ለውጥ ፈለገች፤ አላገኘችም። አያውቅም። ሚጣ ሁሉን ሰጥታው ያንን ብቻ አልሰጠችውም።

«በቅንፍ ያለው ሁሉ የእሷ ነው?» አለች ድምፅዋን ለማረጋጋት እየሞከረች።

«የእሷ ነው። የድራማዋ ልጅ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ስታውቅ የቆየች መሆን አለባት ብላ ያስቸገረችኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ካወቀች ለምን አትናገርም? ተመልካቹ ሞኝ አይደለም አልኳት። ሦስት ሳምንት አሰበች።» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። ጽሑፉ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። «ይኸውልሽ። እኔ ስንት ዓመት ተምሬ ይሄ አልመጣልኝም።»

አነበበችው። እንዲህ ይላል፦

«ማሽኗ የተሰጣት ትእዛዝ ልጅቷ እስካላወቀች ድረስ እናት ሁኚላት ነው። ልጅቷ ማወቋን ከተናገረች ትእዛዙ ያልቃል። ትእዛዙ ካለቀ ማሽኗ ሥራዬን ጨረስኩ ብላ ትጠፋለች። ስለዚህ ልጅቷ ዝም ትላለች። ማሽኗ ስትዋሻት ፈገግ ትላለች። ማሽኗ እየጠበቀቻት ይመስላታል፤ የምትጠብቃት ግን ልጅቷ ናት።»

መዝጋቢዋ ወረቀቱን ሁለቴ አጠፈችው፣ ከዚያ የእሷ እንዳልሆነ ትዝ ብሏት መልሳ ዘረጋችው።

«መጨረሻው ምንድን ነው?» አለች።

«እሱ ነው ችግሩ። ልጅቷ ትናገራለች ወይ? ብትናገርስ ማሽኗ ምን ትሆናለች? ‘እሱን እኔም አላውቀውም’ አለችኝ። ሐሙስ ይቀረጻል፣ ገጹ ባዶ ነው። ዳይሬክተሩ አንገቴን ሊቆርጠኝ ነው።»

«ገና ሐሙስ አልደረሰም» አለችና ወጣች።

ታላቅ ወንድሟን ሚኒባሱን ሲያጥብ አገኘችው። ከፊቱ ቆመች፣ ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። «ማን ሆኖ ተገኘ?»

«ራሷ ናት። ታውቃለች።»

ወንድሟ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በእርጥብ እጁ የጋቢናውን በር ከፈተላት። «ግቢ። ቤት ላድርስሽ።»

«ሥራስ?»

«ቀረጻ በአምስት ሰዓት ነው አሉ፤ እስከዚያ ዕቃውን ማንም አይነካውም። ቢነኩትም ይንኩት።»

ይህን ሲላት የቀኑን ፕሮግራም አሰበች፤ ከዚያ ለዳይሬክተሩ ደውላ ልጄን ልንከባከብ ነው ብላ ቀኑን ሙሉ ፈቃድ ጠየቀች። በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ የመጀመሪያው ፈቃድ ነበር። ለሚጣም ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት እንድትመጣ መልእክት ላከች።

ካርቶኑን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልፈታችውም። ከሰዓት በኋላ ሚጣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ በሩን ገፍታ ገባች። ዓይኗ ካርቶኑ ላይ አረፈ፣ ወዲያው ወደ መስኮቱ ሸሸ። ከዚያ መጥታ እንደ ሁልጊዜው ጉንጯን ሳመቻት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች፤ ድምፅዋ ቀለል ያለ ነበር።

«ቶሎ ጠየቅሽ» አለች መዝጋቢዋ።

ሚጣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ልታወርድ ጀምራ ተወችው።

«መቸኮሉን ማን ነው ያስተማረኝ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ቆማ ቀረች። አፏ ዳር ላይ ያ ማድ ቤት ውስጥ የነበረው ፈገግታ ሊመጣ ሞክሮ አልተቻለውም። መዝጋቢዋ ያን ለውጥ አሥራ አምስት ዓመት ስትፈራው ኖራለች። አሁን አየችው። የፈራችው ጥላቻ አልነበረም። ሚጣ የምትመለከተው የእሷን ፊት ነበር፣ መብራት ሊጠፋ ሲል አምፖሉን እንደሚመለከት ሰው።

ተነስታ ሄደችና እጇን ገልብጣ በጀርባው የልጅቷን ግንባር ነካች።

«አልጠፋም» አለቻት። «ማንም ትእዛዝ አልሰጠኝም። ገባሽ? የሰጠኝ የለም። ራሴ ነኝ።»

ሚጣ ቦርሳዋ ከነማንጠልጠያው ክርኗ ላይ ወርዶ ሳለ ደረቷ ላይ ተደፋች። ቁመቷ በእርግጥም ከእናቷ ቁመት አልፏል፤ አገጯን እናቷ ትከሻ ላይ ለማሳረፍ ጉልበቷን አጠፍ ማድረግ ነበረባት። እንደዚያው ቆዩ።

«በግራ ነበር ወይስ በቀኝ?» አለች ሚጣ በመጨረሻ፣ ከትከሻዋ ላይ ሳትነሳ።

መዝጋቢዋ በዚህ ጊዜ ቸኩላ አልመለሰችም። «አላውቅም። የምታውቀው እሷ ነበረች። እኔ አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ።»

«አስቂኝ ነበረች?»

«በጣም። ነይ፣ ቁጭ በይ። ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ።»

ጠረጴዛው አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሚጣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ካርቶኑን አየችው፣ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ከልማድ የተነሳ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«መጀመሪያ ፎቶ ላንሳው?»

«አታንሺ» አለች እናቷ። «ወደ ቦታው አንመልሰውም።»

ሚጣ ስልኳን አስቀምጣ፣ በግራ እጇ ጥብጣቡን ፈታችው።